ሲኒማ ቤት የገባው ማኅበራችን

ባለቤቴ ሲኒማ ቤት ሲገባ ከፊልሙ ይልቅ ሰዉን ነበር የሚያየው። ዳር ላይ ይቀመጥና ወደ ኋላ ዞሮ፣ በጨለማው ውስጥ ማን ምን እንዳለ ይጽፋል። አጠገቡ ሆኜ የፊልሙን ታሪክ በጆሮው የምነግረው እኔ ነኝ።

"አሁን ምን ሆነች?" ይለኛል።

"አባቷ ሰማ።"

"ለካ ለዚህ ነው ያጨበጨቡት!" ብሎ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል።

ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ስጽፍ በየዐረፍተ ነገሩ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን የምቆመው ስቄ እስክጨርስ ነው።

ያኔ ቦሌ በየማእዘኑ ሕንጻ ታበቅል ነበር። ግንባታ በታጠረበት ቆርቆሮ ላይ በየሳምንቱ የፊልም ፖስተር ይለጠፋል፤ ያለፈው ሳይላጥ አዲሱ ይደረብበታል። ባለቤቴ ቀን አማርኛ ያስተምራል፣ ከሥራ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ሥነ ጽሑፍ ይማራል። የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው በእነዚህ ፊልሞች ተመልካቾች ላይ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ግን እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ነበር።

በወር አንድ ቀን የእመቤታችንን ማኅበር እንጠጣለን። ተራው የእኛ በሆነ ጊዜ፣ ከጸሎቱ በኋላ የቅዱሳን ታሪክ ሲነበብ እናቶች ዝም ብለው አይሰሙም። ክፉው ንጉሥ ሲመጣ "እግሩን ይስበረው!" ይላሉ። ሰማዕቷ ስትሸሽ "በዚያ አትሂጂ፣ እዚያ ናቸው!" ብለው ያስጠነቅቋታል። ከሁሉም ድምፃቸው የሚሰማው እማማ ናቸው፤ ቦሌ የጤፍ ማሳ ሳለች እዚያው የተወለዱ፣ የማኅበራችን ታላቅ። ሲደነቁ በኦሮምኛ፣ ሲቆጡ በአማርኛ ነው የሚናገሩት።

እንግዶቹን ሸኝተን ብርጭቆ ስናጥብ ባለቤቴ እጁ አረፋ እንደሆነ ቆመ። "ሲኒማ ቤት የሚጮኸው ልጅ ይህን የተማረው ከእናቱ ነው" አለኝ። አራተኛው ምዕራፍ እንዲህ ተወለደ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው እሱን ነበር።

የጥናቱ አማካሪ ግን አልተቀበሉትም። "ማኅበርንና ሲኒማን ምን አገናኛቸው? ይህ ግምት ነው። ወይ አሳየኝ፣ ወይ አውጣው" አሉት። ያን ሰሞን እንጀራው ሁሉ ገለባ ሆነበት። "ያለዚህ ምዕራፍ ጥናቴ የፖስተር ስብስብ ነው" ይላል።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት ማኅበሩን በሙሉ፣ አማካሪውንም ጨምረን፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ ሲኒማ ቤት ልንወስድ ተስማማን። እማማን ለማሳመን የሄድኩት እኔ ነኝ።

"ጾም አይደለም?" አሉኝ።

"አይደለም እማማ።"

"ይሳሳማሉ?"

"ጠይቄአለሁ፣ አይሳሳሙም።"

"ታዲያ ለምን ይከፈልበታል?" ብለው ሳቁብኝ።

እናቶቹ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው መጡ። ከእኔና ከባለቤቴ ኋላ ባለው ረድፍ ተደረደሩ፤ አማካሪው ከፊታችን ተቀመጡ። መብራቱ ጠፋ። ባለቤቴ ወደ እናቶቹ ዞሮ እስክሪብቶውን አወጣ።

እናቶቹ ግን ዝም አሉ። ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ሁሉ ጀርባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን አጣምረው ዝም። ከበስተኋላ ወጣቱ ይጮኻል፣ ያፏጫል፤ የእነሱ ረድፍ ትንፍሽ አይልም። "ትልቅ የተማረ ሰው አለ" ብለን አማካሪውን ያስተዋወቅናቸው እኛው ነን፤ ጨዋነት አፋቸውን ያዘው። የባለቤቴ ወረቀት ነጭ እንደሆነ ቀረ።

"ምዕራፌ አለቀለት" አለኝ።

ፊልሙ ላይ አንዲት ልጅ ከእናቷ የወረሰችው ቤት አለ። ፍቅረኛዋ የቤቱን ካርታ እንድትሰጠው ይለማመጣታል። ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ፣ እማማ ብድግ አሉ።

"አንቺ ልጅ! ካርታውን እንዳትሰጪው! እንዲህ ያለውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ!"

አዳራሹ በሙሉ ወደ እማማ ዞረ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ ከኋላ "ስሚያቸው እንጂ፣ ማዘር ልክ ናቸው!" ሲል ሳቁ ፈነዳ። ከዚህ በኋላ እናቶቹን ማን ያስቁማቸው! "ኧረ በሩን ዝጊ!" "ያቻት፣ ጓደኛዋም ከእሱ ጋር መክራለች!" ባለቤቴ ወረቀት ሲገለብጥ ይሰማኛል፤ እኔም ታሪኩን መንገር ትቼ አብሬ እጮሃለሁ።

ልጅቷ ቤቷን አስከበረች፤ ፊልሙ አለቀ፣ መብራቱ በራ። ወጣቶቹ ሊወጡ ተነሡ። እናቶቹ ግን ቁጭ ብለዋል፤ ንባብ አልቆ ሳይመረቅ አይነሣማ! እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና ለሰባኪ እንደሚባለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

"ቃለ ሕይወት ያሰማልን!" አሉ።

"አሜን!" አለ ረድፉ። በር የደረሱት ወጣቶች ሳይቀሩ ዞረው እየሳቁ "አሜን!" አሉ፤ አንዱ ፈንዲሻውን እንደያዘ አማተበ። ከፊታችንም አንድ ወፍራም "አሜን" ሰማሁ። አማካሪው ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

ባለቤቴ ጻፈ።

"እሱን እንዳትጽፈው" አሉት፣ ሳይዞሩ።

"ጽፌዋለሁ ዶክተር።"

"ሳላስበው እኮ ነው የወጣኝ!"

"ምዕራፉም የሚለው ይህንኑ ነው።"

ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታየኛል። "በል ይቆይ። እኔን ግን ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አድርገኝ፤ ስሜን ሳትጠራ" አሉ።

ባለፈው ወር የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበር። እናቶቹ ጠየቁኝና ጥናቱን ከመደርደሪያ አውርጄ አራተኛውን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። እማማ እንደ ልማዳቸው በየመስመሩ ይገባሉ።

"ብድግ አላልኩም። ተቀምጬ ነው የተናገርኩት።"

"ቆመው ነበር እማማ።"

"እሱ ፊልም እያየ እኔን በየት በኩል አየኝ?"

"እሱ እንኳ እርስዎን ነበር የሚያየው።"

"ያ ዋቃዮ!" አሉ በኦሮምኛ፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። የግርጌ ማስታወሻው ላይ ስደርስማ ሁለቴ አስነበቡኝ።

ስጨርስ ማንም አልተነሣም። እማማ "ቃለ ሕይወት" ብለው ጀመሩና አቋረጡ።

"ለአንቺ ነው ለእሱ የምለው?"

"ለሁለታችንም እማማ።"

"እንግዲያው ያሰማልን። አንቺም ጮክ ብለሽ አሜን በይ፤ የእሱንም ጨምረሽ።"

ጮክ ብዬ አልኩ።