ጋሼ ሰቦቃ መኪና ሊገዙ

አማቴ ጋሼ ሰቦቃ ነጋዴ የጠራላቸውን ዋጋ እንደተጠራ ከፍለው አያውቁም። መቱ ውስጥ ይኼን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። ገና ከበር ሲያዩዋቸው ዋጋውን ጨምረው የሚጠብቋቸው አሉ፤ እሳቸውም መጨመሩን ስለሚያውቁ የጭማሪውን ጭማሪ ያስቀንሳሉ። አንድ ባትሪ ድንጋይ ልትገዛ ከሳቸው ጋር የወጣህ እንደሆነ ምሳህን በልተህ ውጣ።

ዘመናቸውን ያሳለፉት ከገበሬ ከነገለፈቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና እየሰበሰቡ ለትልልቅ ነጋዴዎች በማቅረብ ነው። ጀንፈል ሲመዘን መጀመሪያ ለጆንያው ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ለእርጥበቱ፣ ከዚያ ለድንጋዩና ለቅጠሉ። ንግዱን ከተዉ ቆይተዋል፤ መቀነሱ ግን አልተዋቸውም። አንድ ጊዜ ሳል ይዟቸው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ኪኒኑን ለሰባት ቀን እንዲውጡ ሲያዛቸው “አምስት ይበቃል” ብለው ተከራከሩ። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በስድስት ተስማሙ።

እኔ መክብብ እባላለሁ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ልጃቸውን ዬሮሳንን አግብቼ እዚሁ መቱ እኖራለሁ። በኛ አገር አማት አይታረምም። አማትህ ጥቁሩን ነጭ ቢሉ “አዎ፣ ትንሽ ነጣ ያለ ነው” ትላለህ እንጂ አፍህን ሞልተህ አትመልስም። እንግዲህ እዚህ የምጽፈው አብሬያቸው በዞርኩበት ሁሉ ቆሜ ያልተናገርኩትን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእትዬ ዲሪቤ እግር ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዲሪቤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትቱ ነበር። ካቻምና ደግሞ ጓሮ ወድቀው በዚያው በኩል ዳሌያቸው ተሰበረና ብረት ገባላቸው። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችሉም፤ ባጃጅ ከሰፈር አልፎ የኖፓን መንገድ ከያዘ ደግሞ አጥንታቸውን ያናጋዋል። ኖፓ ያሉት ታላቅ እህታቸው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከቤት አይወጡም። ሁለቱ እህትማማቾች ሳይገናኙ ሁለተኛ ዓመታቸውን ያዙ። እሑድ እሑድ በስልክ ያወራሉ። ታላቅየዋ “መቼ ነው የምትመጪው?” ይላሉ፤ እትዬ ዲሪቤ “ሰቦቃ መኪና ሊገዛ ነው” ይላሉ።

ኮንትራት መኪና ይዘን ለምን አልወሰድናቸውም ትሉ ይሆናል። ሞክረናል። ሾፌሩ ከጋሼ ሰቦቃ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሮ “አባቴ፣ እኔ ራሴ ብከፍልዎት ይሻለኛል” ብሎ ጥሎን ሄደ። ዬሮሳን ከደሞዟ ልትከፍል ብትነሳ “እኔ በሕይወቴ እያለሁ?” ብለው ተቆጡ። እና ወሰኑ፤ አዲስ መኪና ይገዛሉ፣ እኔ እነዳለሁ፣ እትዬ ዲሪቤ ለመስቀል ኖፓ ይውላሉ። ደስ አለኝ። ገንዘቡ እንደሆነ አለ፤ ቡናው በደህና ጊዜ የሰጣቸውን ባንክ አስቀምጠውታል። ችግሩ ገንዘቡን ከባንክ ማውጣት ሳይሆን ከጋሼ ሰቦቃ ማውጣት ነበር።

መጀመሪያ በደሌ ሄድን። ሻጩ ሰውዬ ጨዋ ነው፤ መኪናዋን ከፍቶ አሳየን፣ ዋጋውን ነገረን፣ ቁርጥ ነው አለ። ጋሼ ሰቦቃ ግማሹን ጠሩ። ሰውየው በትሕትና እንደማይቻል ነገራቸው። ይኼኔ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ቡና ገበያ ላይ እንዲህ ነው፤ ገዢ ሲወጣ ሻጭ ይጠራዋል። ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት፣ ሲጠሩ እንዲሰሙ። በሩ ላይ ጫማቸውን አሰሩ። አስፋልቱ ዳር ቆመው ሰማዩን አዩ። ማንም አልጠራንም። መናኸሪያ ስንደርስ “ነገ ይደውላል” አሉኝ። ስልክ ቁጥራችንን እንኳ አልሰጠነውም።

ሳምንት ቆይተን በደሌ ስንመለስ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀን። ዶላር ነው አለ ሰውየው። እኔ በልቤ ያንኑ የመጀመሪያውን ዋጋ ቢሰጡን እያልኩ ስማጸን ጋሼ ሰቦቃ እንደገና ግማሹን ጠሩ፤ የአዲሱን ሳይሆን የአሮጌውን ግማሽ። በመንገድ ላይ “ትንሽ ቀደም ብለን ብንወስን…” ብዬ ስጀምር “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አሉኝ። የቸኮለ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

ከዚያ ጅማ። የጅማዋ ሻጭ አንዲት ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት። አሁን የሚገቡት አዲስ መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሆናቸውን፣ ነዳጅ እንደማይፈልጉ፣ ቤት ውስጥ ቻርጅ እንደሚደረጉ አስረዳች። እኔ መብራት ሲጠፋ ምን ይኮናል ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ የመቱን መብራት አውቀዋለሁ። ጋሼ ሰቦቃ ግን ሌላ ነገር ይዟቸዋል። ኮፈኑን አስከፈቱና አጎንብሰው አዩ።

“ሞተር የላትም?”

“የላትም አባቴ፣ የተለመደው ዓይነት አይደለም” አለች።

“ማርሽስ? የነዳጅ ጋንስ? ጭስ ማውጫስ?”

እያንዳንዱን የለም ስትል ጣታቸውን ያጥፋሉ። ቀና ብለው፣ እንግዲያው ለሞተሩም፣ ለማርሹም፣ ለጋኑም ይቀነስ አሉ። ገበሬ ድንጋይ የተቀላቀለበት ጀንፈል ሲያመጣ ለድንጋዩ ከፍለው አያውቁም፤ ለሌለ ሞተርስ ለምን ይከፍላሉ? ልጅቷ ባትሪው እንደሚወደድ፣ ዋጋው ያለው እሱ ላይ እንደሆነ ደጋግማ አስረዳች። ባትሪ ማለት የእጅ ባትሪ የሚያጎርሱት ነው የሚመስላቸው መሰለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ ፈገግታዋ ጠፋ። እኔ ደግሞ ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ፤ የጅማ መኪና መሸጫ ጣሪያ ስንት አምፖል እንዳለው ብትጠይቁኝ አልሳሳትም።

መስቀል አለፈ። ቤት ስንገባ ዬሮሳን በአባቷ ላይ መጮኽ ስለማትችል በኔ ላይ ትጮኻለች። “አንተ ወንድ አይደለህም? አንድ ቃል እንኳ አትናገርም?” ትላለች። ምን ልበላት? እትዬ ዲሪቤ ግን ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የት እንደደረስን ሳይጠይቁ “እራት አቅርቡላቸው” ነው የሚሉት። በአንዱ እሑድ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ሲያወሩ፣ የኖፓዋ እህታቸው “ለቀብሬም ሰቦቃ ዋጋ እስኪቆርጥ ልትጠብቂ ነው?” ሲሉ ሁላችንም ሰማን። ጋሼ ሰቦቃ ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ይኼን ጊዜ ተነክተዋል፣ ነገ ይገዛሉ ብዬ ነበር። በማግስቱ ሽማግሌ ፍለጋ ወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪቲላ የሚባል የመቱ ልጅ ከአዲስ አበባ ሁለት መኪና አስመጥቶ በጎሬ መንገድ አንድ ግቢ ውስጥ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ጋሼ ሰቦቃ የሰው አገር ሻጭ ነው ያስቸገረኝ፣ ይኼኛው የአገር ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ያከብራል አሉ። እናም የልጅነት ጓደኛቸውን ጋሼ ደበሳን ይዘው፣ እኔንም አስከትለው ሄዱ። ጋሼ ደበሳ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳሩት ልጅ የለም፤ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ሲቆሙ ዳኛ ራሱ ይነሳላቸዋል። መኪና ሊያስቀንሱ ሲሄዱ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ዬሮሳን ቅርብ ነው ብላ እናቷን በባጃጅ ይዛ ተከተለችን፤ ቢያንስ መኪናዋን ይዩዋት ብላ።

ኪቲላ ሮጦ ወንበር አመጣ። ጋሼ ደበሳ አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ልጁ ግራ ገባው፤ በዕድሜ አያቱ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመውበት እሱ እንዴት ይቀመጥ? እሱም ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ጋሼ ደበሳ መረቁት፣ አባቱን በስም ጠርተው አመሰገኑ፣ ከዚያ ከሁለቱ የመረጧትን መኪና እየዞሩ እንከኗን መዘርዘር ጀመሩ። ነጭ መሆኗ ጭቃ እንደሚያሳይባት፣ ሆዷ ለመሬት ስለቀረበ የኖፓ ድንጋይ እንደሚፍቃት፣ የኋላ በሯ ሲዘጋ ድምፅ እንዳለው። ለእያንዳንዱ “ለዚህ ትንሽ ይቀነስልን” ይላሉ። ኪቲላ ላብ በላብ ሆነ። ያስመጣበትን ዋጋ ምሎ ነገራቸው። ጋሼ ደበሳ እንደገና ከምርቃቱ ጀመሩ።

እትዬ ዲሪቤ ለካ በዬሮሳን ድጋፍ የመኪናዋ የፊት መቀመጫ ላይ ገብተው ተቀምጠዋል። እግራቸውን ዘርግተዋል። በሩ ክፍት ነው። ሁሉንም ይሰማሉ።

“ደበሳ” አሉ ከውስጥ።

ጋሼ ደበሳ ዞሩ።

“አባቴም ቤት እንዲህ ቆመህ ነበር የተናገርከው። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ።”

የቀረውን በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ጋሼ ሰቦቃ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲልኩ የሄዱት እኚሁ ጋሼ ደበሳ ናቸው። የእትዬ ዲሪቤ አባት ለገባራው፣ ለጥሎሹ ማለት ነው፣ የሚፈልጉትን ከብት ጠሩ። ጋሼ ደበሳ መጀመሪያ ቤቱን መረቁ። ቀጥለው ልጅቷ ግራ እግሯን እንደምትጎትት አንስተው ለእሱ አንዲት ላም ይቀነስልን አሉ። አባትየው እሺ ብለው ቀነሱ። ልጅቷ ሰማች።

ከዚያ እትዬ ዲሪቤ ወደ ባላቸው ዞሩ።

“በዚህ እግሬ አንዲት ላም አስቀንሰሃል ሰቦቃ። እስከ ዛሬ ምንም አላልኩህም። ዛሬ ያቺን ላም ለዚሁ እግሬ መልስ። አኒ አሲ ሂንቡኡ፣ ከዚህ አልወርድም።”

ጋሼ ደበሳ እምቢ ብለውት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዬሮሳን አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ኪቲላ የት እንደሚያይ ጠፍቶት የመኪናዋን ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል። ጋሼ ሰቦቃን ደፍሬ ማየት አልቻልኩም፤ በመጨረሻ ሳያቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘውታል።

“ትሰሚ ነበር?” አሏቸው።

“እሰማ ነበር።”

ጋሼ ሰቦቃ ኪቲላን ዋጋውን እንደገና ጠየቁት። ልጁን አሳዘኑት መሰለኝ፣ ወይም ሁለት ሽማግሌ ፊቱ ሲያፍሩ ማየት ከበደው፣ ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋጋውን ትንሽ ቀነሰላቸው። ማንም ሳይለምነው። ስንት ከተማ ያዞረን፣ ያሳበደን፣ ያዋረደን ነገር በራሱ እግር መጣ።

“አትቀንስ” አሉ ጋሼ ሰቦቃ።

እኔ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ኪቲላ ያልሰሙት መስሎት ደገመላቸው።

“ሰምቻለሁ ልጄ። እስከ ዛሬ ያስቀነስኩት ይበቃኛል። የመጀመሪያውን ጻፍ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ አማቴን ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ዬሮሳን ክንዴን ይዛ ቆነጠጠችኝ፤ ዘጋሁት። ወደ ባንክ የሄድነው በእግር ነው። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ለአገልግሎቱ የሚቆረጠውን ስትነግራቸው ጋሼ ሰቦቃ ሳይከራከሩ ፈረሙ። እትዬ ዲሪቤ እኛ እስክንመለስ ድረስ ከመኪናዋ አልወረዱም።