ጸበሉን በአፉ የከለከልኩ ዕለት

ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን ነው። ከዚያ ሳምንት ብዙውን ረስቻለሁ። የቤት አከራያችን እትዬ አስካለ ያን ዕለት ያዩኝን አስተያየት ግን አልረሳሁም።

እናትና አባታችን በሕይወት የሉም። ዊንጌት አካባቢ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከዳዊት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ዳዊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ።

ሆስፒታል ስደርስ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት በማሽን ይተነፍስ ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ስላልተገኘ ድንገተኛ ክፍል ቆየ።

ሌሎቹን በሽተኞች ዘመዶቻቸው እየተፈራረቁ ያስታምሟቸዋል። እኔን የሚቀይረኝ ሰው አልነበረም። ሰዎች ሲጠይቁኝ ግን "መንገድ ላይ ናቸው" እል ነበር።

ወንድሜን የምትከታተለው ነርስ ሲስተር ሐና ትባላለች። እጇን ታጥባ አፉን ታጸዳለታለች፤ አክታውን በቀጭን ቱቦ ትስብለታለች፤ ቀና የተደረገው የአልጋው ራስጌ ዝቅ እንዳይል ደጋግማ ታያለች።

"አሁን የምፈራለት የሳንባ ምች ነው" አለችኝ። "እንደኛ መዋጥም ማሳልም አይችልም። አፉ ውስጥ ያለ ነገር ሾልኮ ሳንባው ይገባል። ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳይሰጠው። ሌላ በሽተኛ ጋ ስሄድ አንቺ ጠብቂልኝ፣ እሺ?"

"እሺ ሲስተር።"

ደስ አለኝ። ቢያንስ የምሠራው ነገር አገኘሁ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ መጡ። የመጀመሪያ ጠያቂያችን እሳቸው ነበሩ። ማለዳ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ቀድተዋል። ሳያቸው አለቀስኩ። እሳቸውም አቅፈውኝ አለቀሱ። ከዚያ ጠርሙሱን ከፈቱ።

"ውይ ልጄን! ከንፈሩ እንዴት ነው የደረቀው? በውሃ ጥም ሊገድሉት ነው?" ብለው ወደ አፉ ጎንበስ አሉ።

ሲስተር ሐና ወዲያ ማዶ አዲስ የገባ በሽተኛ ይዛ ነበር። እጃቸውን ያዝኩ።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ በአፉ አይቻልም። ሳንባው ይገባል።"

"ጸበል እኮ ነው! ጸበል ሰው ይጎዳል?"

"አይጎዳም፣ ግን..."

"ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብለሽ ሃይማኖትሽን ጣልሽው በቃ!"

አስታማሚዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እጃቸውን ብለቅ ደስ ብሏቸው እስከ ማታ አብረውኝ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ግን አልለቀቅኳቸውም።

ሲስተር ሐና ሮጣ መጣች። "እናቴ፣ እውነቷን ነው፣ በአፉ አይሆንም። ግንባሩንና እግሩን ይቀቡት" አለቻቸው።

ቀቡት፤ ጸለዩለትም። ሲወጡ ሲስተር ሐናን "እግዜር ይስጥሽ" አሏት። እኔን አላናገሩኝም። ተመልሰውም አልመጡም።

የወንድሜ ቱቦ ሲወጣ ሐኪሙ ሳንባው ደህና መሆኑን ነገረኝ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ስልኬን አወጣሁ፤ ግን ለማን እንደምደውል ጠፋኝና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

አሁን ዳዊት ቤት ነው፤ ግድግዳ ይዞ ይራመዳል። እትዬ አስካለ እኔ ትምህርት ላይ ስውል ሾርባ ያመጡለታል። "እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው!" ይለኛል። "አዎ" እላለሁ። የሆነውን አልነገርኩትም።

እጃቸውን በመያዜ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እይዛቸዋለሁ። ግን ማታ ስመለስ በራቸው ክፍት ከሆነ እርምጃዬን ቀስ አደርጋለሁ። ምናልባት "ነይ፣ ግቢ" ይሉኝ እንደሆነ ብዬ።