የጫልቱን ቀበሮ ፍለጋ

ይህን ጉዞ የጀመርነው ለመዝናናት አይደለም። የጀመርነው ከስምንት ዓመት በፊት ጓደኛዬን ጫልቱን በሰው ፊት ውሸታም ስላልኳት ነው። መዝናናቱ በኋላ የመጣ ነው፤ እሱም ሳናስበው።

እኛ ድሮ አዲስ አበባ አንድ ሰፈር የነበርን ሴቶች ነን። ሰፈራችን ሲፈርስ ተበተንን። እኔ ሰበታ ወጣሁ፣ ጫልቱ ቡራዩ፣ ዘይነባ ሱሉልታ፤ ሌሎቹም እንዲሁ ዙሪያውን ሄዱ። ማኅበራችንን ግን አላፈረስነውም። በወር አንድ ጊዜ በተራ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ከዕለታት አንድ ቀን ጫልቱ ወጣት ሳለች ያየችውን አወራች። አክስቷን ለመጠየቅ ጎባ ሄዳ፣ በጭነት መኪና የባሌን ተራራ ስታልፍ፣ ቀይ ቀበሮ ከላሞች መሀል ሲሄድ አየሁ አለች። ላሞቹ አይሸሹም፣ እረኛው አያባርርም፣ እንደ ጎረቤት አብረው ይሄዳሉ።

እኔ ተነሥቼ፣ "ይሄስ ውሸት ነው! ቀበሮና እረኛ አብረው የሚውሉበት አገር የለም" አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጫልቱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንኳ ብታወራ "ይሄም ቀበሮ እንዳይሆን" ይሏታል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሰብሳቢ ስንመርጥ ስሟ ተጠቆመ። አንዷ "የቀበሮዋ ሴትዮ?" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ስሟም በዚያው ቀረ። ጫልቱ አብራን ሳቀች፤ በሰኔው ስብሰባ ግን አልመጣችም። ቡራዩ ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

"ማኅበሩን ትቻለሁ" አለችኝ።

"በቀልድ ምክንያት?"

"አስካለ፣ ስምንት ዓመት የቆየ ነገር ቀልድ አይባልም። አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ አንቺው ውሰጂልኝ።"

"ያላየሁትን እውነት ነው ብዬ አልናገርም።"

"ያላየሽውን ውሸት ነው ብለሽ ተናግረሽ የለ!"

እኔ ስድስተኛ ክፍል በማታ ትምህርት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ፍርድ ሲጓደል አውቃለሁ። እዚያው ተስማማን። ክረምቱ ሳይወጣ ባሌ እንሄዳለን። ቀበሮውን ከከብት መሀል በዓይኔ ካየሁ፣ በማኅበሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ካላየሁ፣ ጫልቱ ውሸታም ነኝ ብላ ትወጣለች። መጠየቅ የለም፣ የሰው ወሬ አይቆጠርም፣ ማየት ብቻ።

ከሰበታ መነሻ

ጫልቱ ሟች ባሏ ታክሲ ይሠራበት የነበረ አሮጌ ዲኤክስ መኪና አላት። ራሷ ናት የምትነዳው። ማለዳ በዝናብ ከቡራዩ መጥታ በራችን ላይ ጡሩንባ ስትነፋ ልጄ ጭንቅላቷን ይዛ ወጣች።

"እትዬ ጫልቱ፣ በዚህች መኪና ባሌ?"

"ምን ሆነች? ከናትሽ በዕድሜ ታንሳለች፤ ጉልበቷም ደህና ነው።"

ዓለም ገናን አልፈን በቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱ ላይ ወጣን። ፈጣን የሚሄዱት ሌሎቹ ናቸው፤ እኛ በቀኝ ጥጋችንን ይዘን፣ የጭነት መኪና ሁሉ እያለፈን፣ ሞጆ ደረስን። በቀኝ በኩል ያለው የዝናብ መጥረጊያ አይሠራም። ስለዚህ ጫልቱ ታያለች፣ እኔ እርጥብ መስታወት አያለሁ። ይሄ ልክ አይደለም ብዬ ተናገርኩ፤ "መሪውን ያዢና ተቀያየሪኝ" አለችኝ።

ባቱ ላይ ዓሣ በላን። አንድ ትልቅ ጥብስ ዓሣ ለሁለት፣ ከሚጥሚጣና ከሎሚ ጋር። ዋጋውን ስሰማ ዓሣው ከየት ሀገር መጣ ብዬ ነበር፣ ከበላሁ በኋላ ግን ተውኩት። አጥንቱን ማጅራቱ ጋ ይዛ አንዴ ስትጎትተው እንዳለ የሚወጣላት ጫልቱ ናት። እኔ ስበላ የሚያየኝ ሰው ሹራብ የምፈታ ይመስለዋል።

አቢጃታ ሻላ

የመጀመሪያው ፓርክ ይኸው ነው። በር ላይ ለሰውም ለመኪናም ይከፈላል። ደረሰኝ ጠይቄ ተቀበልኩ። ወደ ውስጥ ትንሽ እንደገባን ሰጎን መጣ። ቁመቱ ከዲኤክሷ ጣሪያ በላይ ነው። ወደ ጎን መስታወቱ ጎንበስ አለና የገዛ ፊቱን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ በመንቁሩ መታው።

"ራሱን አይቶ ነው የተናደደው" አለች ጫልቱ፤ "አንቺም ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነሽ።"

ከሻላ ሐይቅ ዳር መሬቱ ይፈላል። ሰዎች እሸት በቆሎ በጨርቅ ጠቅልለው ፍል ውኃው ውስጥ ያስቀምጡና ሲበስል ያወጣሉ። አንዲት ሴት አንዳንድ ሰጠችን፤ ብንላት ብንላት ገንዘብ አልቀበልም አለች። ትንሽ የጨው ጣዕም አለው። ሐይቁ ላይ ሮዝ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል። እኔ ቤቴን ሳስብ ከግቢው በር እስከ መንገዱ ነው የማስበው። ይህን ሁሉ ውኃና ሰማይ ሳይ ግን ሰባ ዓመት እዚያ በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ሻሸመኔ፣ ነዳጅ ማደያ

ቤንዚን ለመቅዳት ሰልፉ ረጅም ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ከኋላ መጥቶ ከፊታችን አፍንጫውን አስገባ። ዣንጥላዬን ይዤ ወረድኩና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አንገቱን አወጣ።

"እማማ፣ እባክዎ ይነሱ፤ እቸኩላለሁ።"

"እኔም ሳልሞት ለመቅዳት እየቸኮልኩ ነው። ተመለስ!"

"ዝናብ ላይ ነው እኮ የቆሙት።"

"ከኋላዬ ያሉትስ ጣራ ሥር ናቸው? ባጃጁን አታየውም? እሱም ሁለት ሰዓት የቆመ ነው።"

የባጃጁ ሾፌርና ሌሎቹ ጡሩንባ መንፋት ጀመሩ። ሰውዬው ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔ በድል አድራጊነት በስብሼ መኪና ውስጥ ገባሁ። ጫልቱ ግን አላጨበጨበችልኝም። መሪውን እንደያዘች ወደ ፊት እያየች፣

"ለማታውቂው ባጃጅ በዝናብ ቆመሻል፤ ለኔ ስምንት ዓመት ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ነው የሳቅሽው" አለች።

እስከ ማደሪያችን ድረስ አልተነጋገርንም።

ዲንሾ

በማግስቱ በኮፈሌ አድርገን ወደ ዶዶላ ወጣን። ኮፈሌ ላይ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። ሰዉ ካባውን አጣፍቶ በፈረስ ይሄዳል፤ ሴቶችም በፈረስ ገበያ ይሄዳሉ። አዳባ ላይ ጭኮ ገዛን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። አንድ ማንኪያ ከበላሁ በኋላ ኩርፊያችንም ረገበ፤ እንዲህ ያለ ነገር በልቶ ማኩረፍ ከባድ ነው።

የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። ከጥዱ ሥር ከርከሮዎች ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ። የደጋ አጋዘኖች ደግሞ ጆሯቸውን ዘርግተው ቆመው ሲያዩን፣ እንግዳ እንደ ጠሩ ባለቤቶች ናቸው። አስጎብኚው ትሑት ሰው ነው፣ ስለ እንስሳቱ ሁሉ ይነግረናል። ጫልቱ አላስቻላትም።

"ልጄ፣ ቀይ ቀበሮ..."

"ጫልቱ!" አልኩ። "ማየት ብቻ ተባብለናል።"

ሰውዬው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። "ቀበሮ ለማየት ነገ በጠዋት በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ይውጡ" ብሎ ብቻ ተወን። ጫልቱ ከንፈሯን ነከሰች። የዚያን ጊዜ ነው የፈራች መሆኗ የታየኝ። ቀበሮ እንኳ ብናይ፣ ከላም ጋር ባይሆንስ? ወጣት ሳለች ያየችው ነው፤ ራሷንም መጠራጠር ጀምራ ነበር።

ሳነቴ

ከጎባ በላይ መንገዱ ጠጠር ነው። ዲኤክሷ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመች ወጣች። ሁለት ጊዜ ውኃ አጠጣናት። ጫካው ሲያልቅ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ ጉም፣ ድንጋይ፣ ጅባራ የሚባል ከሰው የሚረዝም ተክል ብቻ። ከፍታው ጫልቱን ራሷን ያዛት። መኪናውን ዳር አቁማ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ "አሥር ደቂቃ ተይኝ" ብላ ጋደም አለች።

እኔ ሽንት ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ሽንት ቤት ማለት ከጅባራው ጀርባ ነው። ጉዳዬን ጨርሼ ስነሣ ጉሙ ገለጥ አለ፤ ከፊቴ አሥራ አምስት የሚሆኑ ላሞች ይግጣሉ። በመሀላቸው አንድ ቀይ ውሻ አለ። እግሩ ቀጭን፣ አፉ ሹል ነው። ከአንዲት ጥጃ ኋላ ኋላ ቀስ እያለ ይሄዳል። ጥጃዋን ሊነክሳት ነው አልኩ። ከብቱ የሰው ሀብት ነው፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"የማነው ይሄ ውሻ! ውሻህን ያዝ! ጥጃዋን ሊበላት ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ድንጋይም አነሣሁ።

ካባ የለበሱ ሽማግሌ ከድንጋይ ጀርባ ተነሥተው እጃቸውን አወናጨፉ። "ሳሬ ሚቲ! ሳሬ ሚቲ!" ይላሉ። ውሻ አይደለም ማለታቸው እንደሆነ ያን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ። ወደኔ መጥተው በተሰባበረ አማርኛ ነገሩኝ። ላሞቹ ሲረግጡ አይጡና ፍልፈሉ ከጉድጓድ ይወጣል፤ እሱ ከላሞቹ ተከልሎ ይይዛል። ከብት አይነካም።

"ጄዳላ ፈርዳ ነው፤ ቀይ ቀበሮ" አሉኝ።

ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ። ቀበሮው ቀና ብሎ አየኝ። ጉሮሮው ነጭ ነው፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ጥቁር። እንደገና ጎንበስ ብሎ ከጥጃዋ ሆድ ሥር አለፈ፤ ጥጃዋ ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

ስልኬ ባለቁልፍ ነው፤ ካሜራውም እንደ ነገሩ። አንዴ ተጫንኩት። ከዚያ ጉሙ ተመለሰ።

እውነቱን ልጻፍ። ወደ መኪናው ስመለስ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ጫልቱ ተኝታለች። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። "ላሞች ናቸው" ብል ማን ያውቃል? በማኅበሩ ፊት ቆሞ ተሳስቻለሁ ማለት ለኔ ቀላል አይደለም፤ ለባለቤቴም ብዬው አላውቅም። ከመኪናው በር ላይ ጥቂት ቆምኩ። ጫልቱ ነጠላዋን ገለጠች።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ ነጣ።"

"ቀበሮሽን አየሁት። ከላሞች መሀል።"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

"ውሸታም" አለች።

"ምን?"

"ስላዘንሽልኝ ነው። ማባበያ አልፈልግም፤ ነጂ ብትሆኚ አሁኑኑ መልሺኝ እልሽ ነበር።"

"ጫልቱ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት እያልኩሽ! ድንጋይ ልወረውርበት ነበር!"

ይህን ስል ነው ያመነችኝ መሰለኝ። ከመኪናው ዘላ ወረደች፤ ራስ ምታቱም ጠፋ። ላሞቹ ጋ ስንደርስ ቀበሮ የለም። ኦቦ ቃሲም፣ ሽማግሌው ማለቴ ነው፣ በኦሮምኛ ሁሉንም አጫወቷት፤ እኔ ስጮህ እንዴት እንደነበርኩም እያሳዩ። ሁለቱ ተያይዘው ሲስቁ እንባቸው ወረደ። ወዲያ ወዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ቀበሮው አልተመለሰም።

"አንቺስ ሳታዪው?" አልኳት።

"የኔን ድሮ አይቻለሁ" አለች። "ይሄ ያንቺ ነው።"

ሱሉልታ፣ ከዚያ ቤት

የነሐሴው ስብሰባ ዘይነባ ቤት ነበር። ጫልቱ አልገባም ስትል እጇን ይዤ አስገባኋት። ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ ቆምኩ።

"ከስምንት ዓመት በፊት ጫልቱን ውሸታም ብያታለሁ። ተሳስቻለሁ። ቀበሮው ከላሞች መሀል ይሄዳል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

ከዚያ ዘይነባ፣ "ፎቶ አላነሣሽም?" አለች።

ስልኬን ሰጠኋት። በየተራ ተቀባበሉት። ፎቶው ላይ ያለው የላም ቂጥና ጉም ነው፤ ዳር ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች።

"ይቺ ቀበሮ ናት?"

"ናት!"

"አስኩዬ፣ ዕድሜ ነው። መነጽር አሠሪ።"

"ገባኝ፣ ገባኝ" አለች ሌላዋ፤ "ታረቁና ቀበሮውን ለሁለት ተካፈሉት!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ እውነቱን ይዤ ማንም ካላመነኝ ምን ብዬ እጮሃለሁ? ዞር ብዬ ጫልቱን አየኋት። እሷ አልሳቀችም። ተነሥታ አጠገቤ ቆመች፣ ክንዴን ያዘች።

"ሳቁ" አለቻቸው። "እኛ ሁለት ሆነናል።"

ከዚያ እሷም መሳቅ ጀመረች፤ እኔም አልቀረሁም። የመስከረሙ ተራ በማን ቤት ይሁን ሲባል፣ ጫልቱ እጇን አውጥታ "በኔ" አለች። ማኅበሩን የመተው ነገር ያን ጊዜ አበቃ።

አመሻሹ ላይ በዲኤክሷ ሰበታ አደረሰችኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ፍርድ የሚጓደለው ነዳጅ ሰልፍ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በሳቅ ስፈርድ ኖሬያለሁ። ስወርድ ጫልቱ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"እንግዲህ ስምንት ዓመት ቻይው" አለችኝ፤ ጡሩንባዋንም ነፍታ ሄደች።

ልጄ በሩን ከፍታ "እንዴት ነበር፣ ቀበሮ አያችሁ?" ስትል ነገርኳት። ከንፈሯን ይዛ ሳቋን ስትውጥ አየኋት። አልተቆጣሁም። ስምንት ዓመት ተፈርዶብኛል፤ ፍርዱ ትክክል ነው፤ ይግባኝም አልጠይቅም።