ሰፍዋን ያጸዳው ካሴት

ደሴ ፒያሳ፣ ከሞላልኝ ፀጉር ቤት አጠገብ፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በሯ ላይ «ሰፍዋን ዘመናዊ የድምፅ ስቱዲዮ» ይላል። «ዘመናዊ» የምትለዋ ቃል ከሌሎቹ በእጥፍ ትበልጣለች። ሰፍዋን ራሱ ነው እንዲያ እንድትጻፍ ያዘዘው።

ሰፍዋን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ጣቃውን በጣታቸው ዳበስ አድርገው ብቻ ደህናውን ከውራጁ የሚለዩ ሰው ነበሩ። ልጁ የወረሰው ምላሳቸውን ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ኢንተርኔት ቤት ይገባና፣ መስመሩ እየተቆረጠ እየተቀጠለ፣ ፈረንጆች ምን ዓይነት ማይክ እንደሠሩ፣ የትኛው የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን እንዳወጣ ሲያነብ ያረፍዳል። ከዚያ ሞላልኝ ዘንድ ብቅ ይላል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው ተነስቶ መሄድ ስለማይችል፣ ሰፍዋን ከዚያ የተሻለ አድማጭ አላገኘም።

«ሬዲዮ አለቀለት አቦ! ፖድካስት የሚባል ነገር መጥቷል። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቀዳል፣ ዓለም በሙሉ ያዳምጠዋል።»

«መብራት ሲጠፋስ?» ይላል ሞላልኝ፣ ምላጩን እየጠረገ።

«አይ፣ እናንተን ይዞ የት ይደረሳል!»

ይህ ሁሉ ወሬ አንድ ደህና ሥራ ቢወልድ ምን ነበረበት? የሰርግ ቪዲዮ ድምፅ ስጡት፣ ከሙሽራው ዘፈን ይልቅ የጄኔሬተሩ ጩኸት ጎልቶ ይወጣል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የዕቃው ነው። «ይሄ ማይክ ጊዜው አልፎበታል፤ አዲሱ ቢኖረኝ ታዩ ነበር» ይላል። ጆሮውማ የሄድፎን መስቀያ ነበር፣ ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

በሚሊኒየሙ ሰሞን አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ያለፈቃድ የተገለበጠ ሶፍትዌር በሲዲ ላከለት። ሶፍትዌሩ ከተቀዳ ድምፅ ውስጥ ኳኳታውንና ዝምታውን ራሱ እየፈለገ ቆርጦ ያወጣል። ለሰፍዋን ሰማይ የተከፈተለት ያህል ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማዳመጥ የሚባለውን ጣጣ እርግፍ አድርጎ ተወው። ድምፁን ኮምፒዩተሩ ላይ ያሰልፈዋል፣ ስክሪኑ ላይ በመስመር በመስመር ከሚታየው ድምፅ ረዘም ረዘም ያለውን ያስቀራል፣ አጭር አጭሩን ያስጠርጋል።

ኢክራ የመጣችበት ያን ጊዜ ነው። ኢክራ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ የሸህ በሽር ልጅ። ሸህ በሽር አላህ ይርሐማቸውና በዱዓቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። አንዱን ምርቃት ይሉና ዝም ይላሉ፤ ቤቱ ሙሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል፤ ያኔ ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ። የእሳቸውን ድምፅ የቀዳ ሰው በከተማው ሞልቷል። ኢክራ ይዛው የመጣችው ካሴት ግን ሌላ ነገር አለበት። ሸሁ ቤታቸው ሳሉ የተቀዳ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ እናቷ አሉ። ሁሉም አሚን ብለው ከጨረሱ በኋላ ዘግየት ብላ፣ ቀጭን ሆና የምትመጣው አሚን የእናቷ ናት። እናትየው የሞቱት ኢክራ ገና ሕፃን ሳለች ነው። በዚህ ዓለም የቀረው ድምፃቸው ያ ብቻ ነበር። ካሴቱ እንዳያልቅባት ፈርታ ለዓመታት አላጫወተችውም፤ ማንም እንዳይቀዳበት ብላም የጀርባውን ላስቲክ ሰብራዋለች።

«ወደ ሲዲ ገልብጥልኝ። እንዳለ ይሁን» አለችው። «እናቴም እኮ…»

«አብሽሪ! ሸህየውን አጠገብሽ የተቀመጡ ነው የማስመስልልሽ። አሁን የመጣው ቴክኖሎጂ…» ብሎ ጀመረ፤ ተሳፋሪ እስኪሞላ የሚጠብቃት ሚኒባስ ጥሩምባ ባያሰማ ኖሮ አይለቃትም ነበር።

ካሴቱን ኮምፒዩተሩ ላይ ገለበጠው፣ ሶፍትዌሩን ለቀቀበት፣ የጸዳውን አስቀምጦ ያልጸዳውን ግን ቦታ ያጣብባል ብሎ አጠፋው። በዚያው ሳምንት ወደ ቢስቲማ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ዘፈን በካሴት ቅዳልኝ ሲለው፣ ባዶ ካሴት ፍለጋ መውጣት ታከተው። የኢክራ ካሴት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ላስቲኩ የተሰበረበትን ቀዳዳ በፕላስተር ደፈነና ዘፈኑን ቀዳበት። ከእንግዲህ ማን ካሴት ይፈልጋል? ሰፍዋን እንዲህ ነበር የሚያስበው፣ አስቧል ከተባለ።

የሸሁ ሙት ዓመት ደርሶ ኢክራ ሰደቃ ስታወጣ፣ ሰፍዋን ሲዲውን መላክ ብቻ አነሰበትና ኮምፒዩተሩንና ስፒከሩን ጭኖ ራሱ ኮምቦልቻ ወረደ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ስለ ጥራት ንግግር ካደረገ በኋላ ቁልፉን ተጫነ።

የሸህ በሽር ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። «አገራችንን ሰላም ያርግልን ዝናቡን በወቅቱ ያርግልን የታመመውን ያሽርልን የሄደውን በሰላም ይመልስልን…» እጃቸውን የዘረጉት ሰዎች «አሚ—» ሲሉ ሸሁ ሁለት ምርቃት አልፈዋቸዋል። እንደገና «አሚ—» አሉ፤ አሁንም አመለጧቸው። እየተያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«በሽር ዱዓ ላይ ተቻኩሎ አያውቅም» አሉ ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ዓብዱ። «ምን አድርገኸው ነው አንተ ልጅ?»

«አጽድቼው ነው ጋሽ ዓብዱ። ክፍተቱ በሙሉ ወጥቷል። ዓለም የሚሠራው አሁን እንዲህ ነው፣ እርስዎ ስላልለመዱት ነው።»

ኢክራ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። «ሰፍዋን፣ እናቴ የት አለች?»

«የምን እናት?»

«አሚን የምትለዋ ነቻ። ከሁሉም ዘግይታ።»

«እ… እሱ ትርፍ ድምፅ ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ ነው የሚያወጣው።»

«ካሴቴን ስጠኝ።»

ሰፍዋን ኮቱን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ የሹፌሩን ዘፈን እንደቀዳበት ተናገረ። እዚህ ላይ እንኳ አፉን ቢዘጋ ምናለ! ግን ሰፍዋን ነው።

«አሚን ከሆነ የጎደለው ችግር የለውም። ይኸው ማይክ ይዣለሁ፣ እናንተው በሉና እየቆረጥኩ አስገባዋለሁ። የሴቷን አሚን ደግሞ አንቺ ትያታለሽ፣ ድምፅሽን ትንሽ አቀጥነዋለሁ። ወላሂ ማንም አይለየውም።»

ጋሽ ዓብዱ ከዘራቸውን ይዘው ሲነሱ ኢክራ በእጇ ከለከለቻቸው። ከሰፍዋን ፊት ለፊት ቁጭ አለች።

«አንተ ግን ሰምተሃታል አይደል?» አለችው። «ከመቁረጥህ በፊት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ድምጿ እንዴት ነበር? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ሰፍዋን ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ መሬቱን።

«አልሰማሁትም» አለ። «ስክሪኑ ላይ ነው ያየሁት። አጭር ነበር።»