ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር አይታመምም

ይህ የደረሰብኝ አምና ከመስቀል በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ኮምፒውተሬን በከፈትሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። የምከፍተው ደግሞ በየቀኑ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የማስተምረው፣ ልብ በሉልኝ፣ ባዮሎጂ ነው። ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ በየዓመቱ አስረዳለሁ። «ከማከም መከላከል ይሻላል» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ከሥሩም አሰምርበታለሁ።

ለቤቴ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛሁት ከጥገና ባለሙያዋ ከትዕግሥት ነው። «መምህር፣ አንቲቫይረስ ልጫንልዎት?» አለችኝ። እኔ ምን ሞኝ ነኝ! ቫይረስ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፤ እኔ ቤት ኢንተርኔት የለም፤ ስለዚህ ቫይረስ የለም። ደግሞ አንቲቫይረስ ማሽን ያንቀራፍፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህንን ሁሉ ቆሜ አስረዳኋት። በሙያዋ ያላወቀችውን ሳስተምራት ደስም ብሎኝ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ ገመዱን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ኮምፒውተሩን በገዛሁበት ክረምት አማቴ ለዓይን ሕክምና ከማንኩሳ አካባቢ መጥተው እኛ ቤት ሰነበቱ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ ራሷ የምትጠራቸው «የኔታ» እያለች ነው። አንድ ነገር አሳስቧቸው ነበር። የእሳቸው መምህር ካረፉ ቆይተዋል፤ ቅኔዎቻቸው ግን የትም አልተጻፉም፤ ያሉት በየኔታ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። «ሳልሞት ጻፍልኝ» አሉኝ።

እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብላቸዋለሁ። መጥበቅ ያለበትን ቃል አላልቼ ካነበብሁ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ክረምቱ እንዲህ አለቀ። ሁሉንም ያስቀመጥሁት አንዲት ፍላሽ ላይ ነው። ሌላ ቅጂ ምን ያደርጋል? ፍላሿ እንደሁ ኪሴ ውስጥ ናት።

አንድ ቀን የኔታ «ይኸ ሣጥንህ ሕመም የለበትም? ይታመማል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«የኔታ፣ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር አይታመምም» አልኋቸው።

«ደጅህን ዘግተሃል፤ ደግ። እንግዳ ይዞት ቢገባሳ?»

ሳቅሁ። የቅኔ ሰው ናቸው፣ ስለ ቴክኖሎጂ ምን ያውቃሉ ብዬ።

ከመስቀል በኋላ ቡሬ ለቅሶ ነበረብኝ። ፍኖተ ሰላም መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ በዚያው ቅኔዎቹን አሳትሜ ልምጣ ብዬ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያልተሰካ የከተማው ፍላሽ የለም፤ እንደ ጠላ ቤት ጣሳ ሁሉም ይቀባበለዋል። የእኔንም ሰኩ፤ ከፈቱ፤ የማተሚያው ቀለም ማለቁ ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ እጄን ተመለስሁ። ባዶ እጄን የተመለስሁ መስሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ መብራት መጥቶ ነበር፤ ፍላሿን ስከፍት ፎልደሩ ላይ ትንሽ ቀስት በቅላለች። ብጫነው አይከፈትም። በማግስቱ የኮምፒውተሬም ፎልደሮች ቀስት አበቀሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቫይረስ ነው፤ ቅኔዎቹን በልቷቸዋል። ደነገጥሁ፤ ለባለቤቴ እንኳ አልተናገርሁም። እንደ ሳይንስ ሰው ግን ወዲያው እርምጃ ወሰድሁ፦ ቢያንስ ፍላሿ ትትረፍ ብዬ ፎርማት አደረግኋት። እንዴት ያለች ንጹሕ ፍላሽ ወጣች መሰላችሁ! የፈተና ጥያቄዎችና ሁለት ፊልሞች ጫንሁባት።

ከሳምንት በኋላ የኔታ «ወረቀቱ ወዴት አለ?» ብለው ከማንኩሳ ሲደውሉ ወደ ትዕግሥት ሮጥሁ። ፍላሿን አየችና «መምህር፣ ይኼ ቫይረስ እኮ አይበላም። ፎልደሩን ይደብቅና በስሙ ሐሰተኛ ያስቀምጣል። ያኔውኑ ቢያመጡልኝ በአምስት ደቂቃ አወጣልዎት ነበር» አለችኝ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ አጥፍተው ላዩ ላይ ሌላ ጭነዋል።»

ግማሽ ቀን ፈለገችልኝ። የተቆራረጡ ፊደሎች ወጡ። ሁለቱ ፊልሞች ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆኑም። «ብዬዎት ነበር» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ማንኩሳ ወርጄ ለየኔታ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። «አይዞህ፤ እንደገና ጻፋ» ብለው እዚያው ጀመሩ። በወረቀትና በእስክሪብቶ ጻፍሁ። ቅኔዎቹ እየተከታተሉ መጡ፤ እኔም ልቤ ተመለሰች። እንዲያውም፣ ሰው አያፍርም፣ «ያን ያህል ጉዳት አላደረስሁም» ማለት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ መምህራቸው ወደ መጨረሻ ዘመናቸው የተቀኙት አንድ መወድስ ላይ ደረስን። ስምንት ስንኝ ነው። የኔታ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው። አራቱን አሉ። አምስተኛው ላይ ቆሙ። ከመጀመሪያው ተነሡ፤ አሁንም አምስተኛው ላይ ቆሙ።

«ይረፉ የኔታ፤ ነገ ይመጣልዎታል» አልሁ።

«አይ ልጄ» አሉ። «በየቀኑ እየደገምሁ ነበር የያዝኋት። አንተ ‹ተጽፋለች› ስትለኝ ጊዜ መድገሙን ተውሁት።»

ነገም አልመጣም፤ እስካሁንም አልመጣም።

አሁን ኮምፒውተሬ አንቲቫይረስ አለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። የቅኔዎቹንም ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ። አንቲቫይረሱ ፋይሉን በየሳምንቱ ይፈትሽና «ምንም የተገኘ ችግር የለም» ይለኛል። ከፍቼ አየዋለሁ፤ መወድሱ ጋ አራት ስንኝ አለ፣ ከዚያ በታች ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።