ካሜራ ፊት የተላጨው ሰው

አምሃ ከደብረ ብርሃን ወጥቶ መቀሌ የገባው ገና በጎረምሳነቱ ነው። ፀጉር ማስተካከል የተማረውም ትምኒትን ያገባውም እዚሁ ነው፤ ትግርኛውን የሰማ ሰው የሌላ አገር ልጅ ነው ብሎ አይጠረጥረውም። ፀጉር ቤቱ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ከሷ ቀጥሎ ከጦርነቱ ወዲህ ተከፍቶ የማያውቅ ሱቅ አለ፤ ከሱቁ ቀጥሎ የወይዘሮ ፍሬ ኬክ ቤት።

በተዘጋው ሱቅ በረንዳ ላይ ተኽለ ይተኛል። ተኽለ ሑመራ ላይ፣ የሰሊጥ እርሻ ውስጥ ትራክተር ይነዳ ነበር። ተፈናቅሎ መጥቶ መጠለያ ውስጥ ከረመ፤ ከዚያ ወጥቶ እዚህ ካርቶኑን አነጠፈ። ቤተሰቡ የት እንደቀረ አምሃ ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም አንስቶት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ ከፀጉር ቤቱ ይወስዳል፣ አመስግኖ ይወጣል።

አይለምንም፣ ማንም ላይ አይጮህም። ሰፈሩ ግን ፀጉሩ አድጎ ትከሻው ላይ ስለወረደ ብቻ «እብዱ» ይለዋል። ሴቶቹ በአጠገቡ ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ወይዘሮ ፍሬ ደግሞ ሠራተኞቿ ወለል የወለወሉበትን እጣቢ በየማለዳው በረንዳው ላይ እንዲደፉ ታዛለች፤ ካርቶኑ ከራሰ ይነሣልኛል ብላ ነው። አምሃ አንድ ቀን ይተዉ እንጂ ቢላት፣ ሰው እሱን እያየ ኬክ ይበላልኛል ወይ ብላ መለሰችለት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እስክንድር የሚባል ወጣት ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። በጎ ሥራ እሠራለሁ እያለ በስልክ የቀረፀውን ቲክቶክ ላይ የሚለቅ ልጅ ነው። ተኽለን አስላጭቶ አዲስ ኮት ሊያለብሰው እንደመጣ ተናገረ። ተኽለ አልፈልግም አለ። ሰፈርተኛው ወዲያው ከበበው። አንዱ ጥጋብ ነው አለ፣ ሌላው እድሉን በእግሩ እየገፋ ነው አለ፤ ወይዘሮ ፍሬ እንዲያውም ክንዱን ይዛ ጎተተችው፤ በዚያች ቀን እጇ አልተጸየፈውም። አምሃ ራሱ «ግዴለህም፣ ቶሎ እጨርስልሃለሁ» አለው። ተኽለ አቀርቅሮ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ቶንዶዙ ከቀኝ ጆሮው በላይ ሲደርስ የአምሃ እጅ ቆመ። ከጆሮው ጀርባ ተነሥቶ አናቱ ድረስ የሚሄድ ወፍራም ጠባሳ ከፀጉሩ ሥር ብቅ አለ። ተኽለ አምሃን በመስታወቱ ውስጥ አየው።

«ለዚህ ነበር ያሳደግኩት» አለው በትግርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ባየው ቁጥር ምን ሆነህ ነው ይለኛል።»

እስክንድር ስልኩን ጠባሳው ላይ አስጠጋ። ደስ ብሎታል፤ ደስታውን መደበቅም አልቻለበትም። ቤተሰቦችህ የት ደረሱ ብሎ ጠየቀው፤ ተኽለ ፊቱን ከስልኩ አዞረ። ያኔ እስክንድር ወደ አምሃ ዞሮ፣ ትንሽ እንዲያለቅስ አድርግልን፣ ካላለቀሰ ሰው አያየውም አለው። በአማርኛ ያለው ተኽለ የማይሰማ መስሎት ነው። ተኽለ ሰምቷል።

አምሃ ቶንዶዙን አጠፋ።

«ውጡልኝ» አላቸው።

«አልጨረስንም እኮ።»

«ደንበኛዬን ነው የምላጨው። ውጡ።»

እያጉረመረሙ ወጡ። ኮቱንም ይዘውት ሄዱ፤ ለካ ከሱቅ የተዋሱት ነው። ተኽለ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንዳለ ቀርቷል። ጨርስልኝ አለው። አምሃ ጨረሰለት።

ቪዲዮው በማግስቱ ተለቀቀ። ሥሩ የሚያሳዝን ክራር ገብቶበታል፤ «የተጣለውን ወንድማችንን ሰው አደረግነው» የሚል ጽሑፍም አለው። ኬክ ቤቱ ውስጥ ስልክ እየተቀባበሉ አዩት። ወይዘሮ ፍሬ እንባዋን በሶፍት ጠረገች፤ የኛ ሰፈር ልጅ ነው ብላ ለደንበኞቿ ተናገረች። በነጋታው ማለዳ እጣቢው እንደ ወትሮው በረንዳው ላይ ተደፋ። አምሃ ቆሞ አየና የበላው ቁርስ ጉሮሮው ላይ መጣ።

ከዚያ ከከተማው ዳር፣ ከቃላሚኖ በኩል ሳይቀር በመኪና የሚመጡ በዙ። አሮጌ ልብስ ያቀብሉታል፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ ጠባሳውን ወደዚህ አዙረው ይሉታል። አንድ ቀን ተኽለ ካርቶኑን እንኳ ሳያነሣ ጠፋ።

አምሃ እሑድ እሑድ ሲፈልገው ቆይቶ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ አገኘው። ከተበላሸ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ራሱን በማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ጠቅልሎታል። ትምኒት የላከችለትን የሱፍ ኮፍያ ሰጠው። ተኽለ ጆንያውን ፈትቶ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ሳበው።

«ይቅር በለኝ» አለው አምሃ። «እንድትቀመጥ የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

«አንተስ አስወጥተህልኛል፣ ሓወይ፣ ወንድሜ» አለ ተኽለ። «ብቻ ያለሁበትን ለማንም አትንገር።»

ሲመለስ ወይዘሮ ፍሬ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችው። አገኘኸው ወይ አለችው። አላገኘሁትም አላት።

«ያን ሁሉ አድርገንለት!» አለች፣ ከልቧ ቅር ብሏት። «ደህና ሁኑ እንኳን ሳይለን?»

አምሃ ገብቶ ወንበሩን መጥረግ ጀመረ። እሷ ያስቀየመችው መስሏት ሻይ ከኬክ ጋር ላከችለት። እንዳለ መለሰው። ራሷ ይዛው መጣችና ምን ጎድሎት ነው አለችው።

«ምንም አልጎደለውም፣ ወይዘሮ ፍሬ» አላት። «ከርስዎ ቤት የመጣ ነገር አልወርድ ብሎኝ ነው።»