ትርንጎዋ ምን አለችው?

ልጅ ሳለሁ ከቃላት ሁሉ አጥብቄ የምጠላው «ነገ» የሚለውን ነበር። አያቴ አባባ ደሴ ተረት ጀምረው ልቤን ከሰቀሉት በኋላ፣ ጣፋጩ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ቀሪው ነገ ማታ» ይላሉ። ብለምናቸው፣ ባለቅስ፣ ጉልበታቸውን ብስም ወይ ፍንክች! «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ይስቁብኛል። ጧት እንዳይነግሩኝ ደግሞ ተረት በቀን ካወሩት ከብት ይጠፋል ባይ ናቸው።

ያኔ ቤታችን ከደምበጫ ወጣ ብሎ ነበር። የባሕር ዛፉ ፍም እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ በኩራዙ ብርሃን ግማሽ ፊታቸው ብቻ እየታየኝ የሰማሁት የመጨረሻ ተረታቸው የግንደ ቆርቁር ነው። ቀኑን ሙሉ ግንድ በመንቁሩ ሲቀጠቅጥ የሚውለው ይህ ወፍ ራሱን አመመው። ኤሊን «ድንጋይ የመሰለ ጀርባሽን አውሺኝ» ቢላት፣ «እሱን ተሸክመህ ልትበር? አይ አንተ!» ብላ ሳቀችበት። አዝኖ ቁጭ ባለበት አንዲት ትርንጎ ከዛፏ ወርዳ አለት ላይ ዷ! አለች፤ ግን አልፈነዳችም። «እንዴት ተረፍሽ?» ቢላት፣ «ጠጋ በል፣ በጆሮህ ልንገርህ» አለችው። አባባ እዚህ ላይ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ምን አለችው?» ብዬ ጮኽሁ።

«ነገ ማታ!»

ማግስቱ ጥር ጊዮርጊስ ነበር። አባባ በዚያ ዕድሜያቸው ጉግስ መተው ነበረባቸው፤ ግን ፈረስ ካዩ ማን ይይዛቸዋል? እናቴ «ኧረ አባባ፣ ዘንድሮስ ይቅርብዎ» ብትላቸው፣ «ጋሻዬን አምጪ አልሁሽ እንጂ ምክርሽን መቼ ጠየቅሁሽ!» አሏት። ዘንግ የማይበግረውን የጎሽ ቆዳ ጋሻ በግራ ክንዳቸው ይዘው፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ ብቻ አስረው ወጡ። የጉግስ ወጉ ይኸው ነው፤ ክንድ በጋሻ ይጠበቃል፣ ራስ ለጊዮርጊስ ይተዋል። ፈረሱ ተደናቅፎ ሲጥላቸው ጋሻው ጭረት እንኳ አልነካውም። ጭንቅላታቸውን ግን ድንጋይ አገኘው።

ነፍሳቸው ተረፈች፤ ተረቶቻቸው ግን ከአእምሯቸው ጠፉ። ከዚያ ወዲህ ፍሙ ዳር ተረት ነጋሪዋ እኔ ሆንሁ፣ እሳቸው አገጫቸውን ደግፈው አድማጭ። ትርንጎዋ ዘንድ ስደርስ «ምን አለችው?» ይሉኛል በጉጉት። «እርስዎ ነዎት እኮ የሚያውቁት፣ አባባ» ስላቸው ዓይናቸው ይንከራተታል። አንድ ማታ ጨነቀኝና «‹ጸሎት አድርስ› አለችው» ብዬ ፈጠርሁ። ከት ብለው ሳቁ። «አይደለም! እንዲህማ አላለችውም!» መጨረሻውን አያስታውሱትም፤ የእኔው አለመሆኑን ግን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ በየማታው አዲስ መጨረሻ ይዤላቸው እመጣለሁ፣ እሳቸውም «አይደለም!» እያሉ ይስቃሉ። እኔም ሳቃቸውን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ስንል ኖረን አረፉ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ በአንዲት ወርክሾፕ የሄልሜት ገበር ከሚሠሩት አንዷ ነኝ፤ ለሞተረኞች ነው፣ ጉግስ ጋላቢዎቹማ «ሻሽ መቼ አነሰን!» ብለው መልሰውናል። ባልደረቦቼ ዱላ የሚችል ገበር ፍለጋ የማር እንጀራ እያገላበጡ ሲያጠኑ እኔ ከገበያ ትርንጎ ገዝቼ መጣሁና በቢላ ሰነጠቅኋት። ነጩ ወፍራም ሥጋዋ ከቅርፊቷ ሥር ጠጠር ያለ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳው እየሰፋ ይላላል። ስትወድቅ ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ እየተጨፈለቁ ዱላውን ይውጡታል፣ ውስጧ ሳይደርስም ያልቃል። ገበሩን እሷን አስመስለን ሠራነው።

ባለፈው ሳምንት ከገበሩ ሥር የሸክላ ሳህን አስቀምጠን ከላይ ብረት ለቀቅንበት። ሳህኑ አልተሰነጠቀም። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ እኔን እንባ ቀደመኝ፤ አባባ ናፈቁኝ። «‹ሲመቱህ እሺ በል፣ ግን ቀስ እያልህ› አለችው» አልሁ ለብቻዬ። መጨረሻው ይህ ይመስለኛል፤ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ግን የለም። ያችን «አይደለም!» የምትል ሳቃቸውን አንዴ ብቻ ብሰማ፣ ገበሩን አፍርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ብሠራው አይቆጨኝም ነበር።